ባትሪውን ማን ጨረሰው

መኪናዬ ውስጥ አንድ ሰው እንዳለ መጠርጠር የጀመርኩት ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። ሰው ስል በሕይወት ያለ ሰው ማለቴ አይደለም። ሰባ ሦስት ዓመት ሞልቶኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር በአፌ ብናገር ልጄ የትኛው ሐኪም ቤት እንደምትወስደኝ አውቃለሁ። በጽሑፍ ሲሆን ግን ሽማግሌ ቀባጠረ ተብሎ ይታለፋል፤ ስለዚህ ልቀባጥር።

ባለቤቴ ካረፈች አሥራ አንድ ወር ሆኗል። መኪናችን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኮልፌ ባለው ግቢያችን ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆማ ነበር። ጎማዋ ተኝቷል፤ ድመት ኮፈኑ ላይ መኖሪያዋን አድርጋለች። ልጄ «አባዬ፣ ትሸጥ» ስትለኝ ስድስት ወር ሙሉ «እሺ» አልኩ። በእኔ አፍ እሺ ማለት እምቢ ማለት መሆኑን የምታውቀው እናቷ ብቻ ነበረች። በመጨረሻ ልጄ ራሷ ገዢ አገኘች። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ ያያታል ተባለ። እኔም መኪናዋ ተነሥታ እንድትታይ አዲስ ባትሪ ገዝቼ ከሳምንት በፊት በነበረው ቅዳሜ ራሴ አሰርኩት። ጎማዋንም አስነፋሁ። ቁልፉን ሳዞር ወዲያው ተነሣች። እሑድን ቆማ ዋለች። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር «ትክ» ብላ ዝም።

አዲስ ባትሪ በሁለት ሌሊት ሞተ። ጤነኛ ሰው በዚህ ይናደዳል። እኔ ግን፣ የሚያሳፍር ነገር ነው፣ ደስ አለኝ። እዚያው መሪው ላይ ተደፍቼ ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ ለማስረዳት ወደዚያ ጠዋት መመለስ አለብኝ። መመለስ ካሉት ነው እንግዲህ፤ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ከዚያ የት ሄጄ አውቃለሁ?

ያን ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ባለቤቴን የአልጋው ጫፍ ላይ ደረቷን ይዛ ተቀምጣ አገኘኋት። «ትንሽ ከብዶኛል» አለች። እሷ ትንሽ ካለች ብዙ ነው። ደግፌ መኪናው ውስጥ አስገባኋት፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አደላደልኩላት፣ ቁልፉን አዞርኩ። ትክ። ደግሜ አዞርኩ፤ ትክ የሚለውም ጠፋ። ጎረቤት ወጥቶ እንግፋት አለ። ሰፈራችን ቁልቁለት አለው፤ ግን የሚወርደው ወደ ወንዙ ነው፣ አስፋልቱ ያለው ከላይ ነው። አራት ሰው ሽቅብ ገፋ። እሷ ውስጥ ተቀምጣ በመስታወቱ ታየናለች። ትንሽ ከፍ እንልና እንመለሳለን፣ ከፍ እንልና እንመለሳለን። አንዱ ጎረቤት እስከ ጦር ኃይሎች መንገድ ሮጦ ታክሲ ይዞ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ሄደ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ፣ ትሑት ልጅ ነው፣ በክፋት አልነበረም፣ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር» አለ። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ሌላም ነገር አለ። ከዚያ በፊት ሦስት ወር ሙሉ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ባትሪ ቀይረው» ትለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ እያቃሰተ ሲነሣ ትሰማው ነበራ። እኔ ደግሞ «ባትሪው እንደ ባለቤቱ ነው፤ ትንሽ ካረፈ ይነሣል» እያልኩ አስቃታለሁ። ቀልዱን በጣም ወድጄው ስለነበር ለጎረቤትም ለዳማ ጓደኞቼም ነግሬዋለሁ። ሦስት ወር ተሳቀበት።

ስለዚህ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ስበላም ስተኛም የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያን ጠዋት ባትሪውን ማን ጨረሰው? አርጅቶ በራሱ ጊዜ ሞቶ ከሆነ፣ ጥፋተኛው ቀልደኛው ሽማግሌ ነው። መኪናው ውስጥ ተደብቆ የሚጠጣው ሌላ ነገር ካለ ግን እኔ አይደለሁም። አዲሱ ባትሪ ሲሞት የሳቅኩት ለዚህ ነው። ሌባ አለ ማለት ነዋ! ነፃ ልወጣ ነው! ቅዳሜ ደግሞ መኪናዋ ትሄዳለች፤ ከሄደች ጥያቄዬንም መልሴንም ይዛ ትሄዳለች። አምስት ቀን ቀረኝ።

ባትሪውን አየር ጤና ወስጄ አስሞላሁና ማክሰኞ ጠዋት መልሼ አሰርኩት። ከምሳ በኋላ እንደ ልማዴ ገብቼ ከመሪው ኋላ ተቀመጥኩ። ይሄ ልማድ የመጣብኝ እሷ ከሞተች በኋላ ነው። ልጄ ድንገት ብትመጣ ሳጸዳ ነበር እንድል ጨርቅ ይዤ ነው የምገባው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ አንድ ዳሽቦርድ የጠረገ ሰው ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ያኔ ሰማሁት። ከዳሽቦርዱ በእሷ በኩል። ጠቅ።

አንድ ጊዜ ብቻ። ፀጉሬ ቆመ፤ ማለት የቀረችው።

ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ የምትጮኽ ሴት አልነበረችም። አየር ጤና ጋራዦቹ አጠገብ ጥላ ሥር ዳማ የምንጫወትበት ቦታ አለ። ጠጠሮቻችን የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ናቸው፤ ወግ አለን፣ የተበላ ሰው ከነዘር ማንዘሩ ካልተሰደበ ጨዋታው አይቆጠርም። ከእሷ ጋር ከየትም ስንመጣ «አምስት ደቂቃ» ብዬ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ እወርድና፣ ሰድቤ ተሰድቤ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። በሩን ስከፍት ምንም አትለኝም። የጣት ቀለበቷን ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ጊዜ ጠቅ ታደርጋለች። በቃ። ቤት እስክንደርስ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል።

«ማን ነው?» አልኩ ጮክ ብዬ። ከዚያ አፍሬ ዙሪያዬን አየሁ። ድመቷ ብቻ ናት፤ እሷም ንቃኛለች። ልወርድ እጄን በሩ ላይ አደረግኩና አልወረድኩም። ተቀምጬ ጠበቅኩ። በሕይወቴ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሰው ስጠብቅ የመጀመሪያዬ ነው። ግማሽ ሰዓት ይሆናል፣ አሁንም ጠቅ።

«መጣሁ፣ መጣሁ» አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ሁልጊዜ እላት የነበረው እሱን ነው።

ረቡዕ ወደ መኪናዋ አልቀረብኩም። በመስኮት አያታለሁ፣ እሷም ታየኛለች። ጠበል ልርጭባት ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ደግሞ ማንን ነው የማባርረው አልኩ። ሚስቴን? ለመቀመጥ መጥታ ከሆነ ትቀመጥ። ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነበር። ባትሪውን የምትጨርሰው እሷ ብትሆንስ? ቀይረው ስልህ አልቀየርክም፣ ቀይረህም አታርፍ፣ እያለችኝ ቢሆንስ? ሰው በሰባ ሦስት ዓመቱ ስለ ኤሌክትሪክ እንዲህ ያስባል።

ሐሙስ ጠዋት ቁልፉን አዞርኩ። ትክ።

ያኔ ተሸነፍኩና አየር ጤና ሄጄ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ለመንኩ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ዳማ ላይ ቆሞ ያየናል እንጂ አይጫወትም፤ ስድቡን አልችለውም ይላል። ከሰዓት በኋላ የተሞላ ባትሪና መለኪያውን ይዞ መጣ። ስልክ ላይ ከሚስቱ ጋር በጉራጊኛ እየተጨቃጨቀ ነበር የገባው። ዘግቶ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረ።

«አባባ፣ ስንት ባትሪ ሊገድሉ ነው?»

«እስካሁን ሁለት ብቻ ነው።»

«አንዱ አዲስ ነው አሉኝ።»

«አዲሱን ሁለቴ ነው የገደልኩት። በጠቅላላ ሦስት በለው።»

ሳቀ። ኮፈኑን ከፍቶ የራሱን ባትሪ አስቀመጠ፤ አንዱን ሞርሴቶ፣ የባትሪውን ሽቦ ማሰሪያ፣ ሳያስር ትቶ በመሐል መለኪያውን አስገባ። «ቁልፉ ተነቅሏል፣ በሩ ሁሉ ተዘግቷል። አሁን መኪናዋ ተኝታለች ማለት ነው። የተኛ ደግሞ አይጠጣም። ይሄ ቁጥር ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት» አለና አየው። «አንድ አምፔር ሊሞላ ነው። አባባ፣ ይሄ በደንብ ይጠጣል።»

«አሁን ነው የሚጠጣው ወይስ ድሮም ይጠጣ ነበር?»

«እሱን መጀመሪያ ማን እንደሆነ እንወቅ።»

እኔ ቁጥሩን እያየሁ ልነግረው፣ እሱ ከመሪው ሥር አንገቱን ቀብሮ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ሊነቅል ተስማማን። ሌባው ያለበት መስመር ሲቋረጥ ቁጥሩ ይወርዳል።

«ወረደ?»

«አልወረደም።»

«አሁንስ?»

«ንቅንቅ አላለም።»

«መነጽርዎን አድርገዋል?»

«አንተ ፊውዝህን ንቀል!»

የነቀላቸውን ወንበሩ ላይ ይደረድራል። እያንዳንዱ ሲነቀል በልቤ እጸልያለሁ፤ ፋብሪካው ያበላሸው ይሁን፣ አይጥ የበላው ሽቦ ይሁን፣ ማንም ይሁን፣ እኔ ብቻ አልሁን። የመጨረሻው ተነቀለ። ቁጥሩ እዚያው ነው። መኪናዋ ፊውዝ ሳይኖራት ትጠጣለች።

ሰውየው ብቅ ብሎ ግንባሩን ጠረገ። «በፊውዝ የማያልፍ ሽቦ አለ። የሆነ ሰው ከባትሪው ቀጥታ ስቦታል። ማን ነው ያሠራው?»

«እኔ እንጃ» አልኩ።

ይህን ስል፣ ጠቅ አለ።

ክንዱን ያዝኩት። «ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«አንተም ሰማህ? እውነትህን ነው?»

«አባባ፣ ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም» አለና ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወው። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ዳሽቦርዱ ላይ ለጠፈ። ሐኪሙ ደረቷን ሲያዳምጥ እንደዚያ ነበር። ረዘም አለብኝ።

«ይዞራል» አለ።

«ምኑ?»

«ካሴቱ። አሁን ጎን ቀየረ። አንዱ ጎን ሲያልቅ ራሱ የሚገለብጥ ቴፕ ነው፤ ጠቅ የሚለው ያኔ ነው። መብራቱ ተቃጥሏል እንጂ ሥራ ላይ ነው።» እጁን ወደ ድምፁ ቁልፍ ሰዶ ቀስ ብሎ አዞረው።

ከበሮ መጣ። ቀጥሎ የሴቶች ድምፅ፤ ካሴቱ ስለላላ ቀስ ያለ፣ ከሩቅ የሚመጣ። ከመጀመሪያው አልጀመረም፣ ከመሐል ነው የቀጠለው። የእሷ መዝሙር ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ የገዛችው።

ያኔ ሁሉም ነገር መጣልኝ። ሽቦውን ያሠራሁት እኔ ነኝ። ከዓመታት በፊት «ቁልፉን ይዘህብኝ ትሄዳለህ፣ ያለ ቁልፍ ቴፑ አይሠራም፣ ዝም ብዬ ግድግዳ ሳይ እውላለሁ» አለችኝ። ጨዋ ባል ቢሆን ዳማውን ይቀንስ ነበር። እኔ የመጠበቂያ ቦታዋን አሳመርኩላት። አንዱን ሠራተኛ ጠርቼ ቴፑን ከባትሪው ጋር ቀጥታ አገናኘው አልኩት፤ በሩብ ሰዓት ጨረሰ። በዚያ ቀን እንዴት እንደኮራሁ!

የቴፑ ቁልፍ ወደ ግራ ሲዞር ድምፁ እየቀነሰ ይሄድና ይጠፋል። ጨርሶ የሚዘጋው ግን ትንሽ አልፎ ጠቅ ሲል ነው። እሷ ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ታዞረው ነበር። ጥንቁቅ ናት። የእኔን ቀልድ እንጂ ሌላ ነገር ሳትዘጋ ትታ አታውቅም።

ከዚያ ጠዋት በፊት በነበረው ቀን ዓለም ባንክ ሰፈር ለቅሶ ደርሰን ነበር። አመሻሹ ላይ ስንመለስ አየር ጤና ላይ «አምስት ደቂቃ» አልኳት። ዝናብ ነበር። ስመለስ መዝሙሩ ተከፍቷል። «ኧረ ቀንሺው፣ ለቅሶ ውለን መጥተን ደግሞ!» አልኩ፤ በዳማው ተበልቼ ስለነበር። እጇን ሰዳ ቀነሰችው። እስኪጠፋ ድረስ። ጠቅ አላለም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያን ቁልፍ ማንም አልነካውም። ባትሪው ያን ሌሊት አለቀና ቴፑ ቆመ። አሥራ አንድ ወር ቆሞ አዲስ ባትሪ ሲያገኝ ካቆመበት ቀጠለ። ጠዋት ደግፌ ሳስገባት፣ እኛም ሽቅብ ስንገፋት፣ እሷ የተቀመጠችው ሌሊቱን ሙሉ ለባዶ መኪና ሲዘምር ካደረ ነገር ፊት ነበር።

«ልቁረጠው?» አለ ሰውየው።

«ቆይ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄ ቴፕ አንድ ሌሊት ብቻ ቢያድር፣ መኪና እንዳይነሣ ያደርጋል?»

መለኪያውን አየ። «ለአንድ ሌሊት አዲስ ባትሪ ይችለዋል። ጠዋት ይነሣል።»

«አሮጌስ?»

መልሱን ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። ፒንሳውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አሮጌውን እኔ አላየሁትም አባባ» አለ። ስድብ አልችልም የሚል ሰው መሆኑ ትዝ አለኝ።

ፊውዞቹን መለሰ፤ ባትሪዬን ሞልቶ ለቅዳሜ እስኪያመጣልኝ የራሱን አስሮ ተወልኝ። ሽቦውን እስከ ቅዳሜ ይተወው ብዬ ሸኘሁት። የቴፑንም ቁልፍ ጠቅ እስኪል አዞርኩት። ፍርዱ ይኸው ነው፤ ቴፑን ያልዘጋችው እሷ፣ ባትሪውን ያልቀየርኩት እኔ። እንደ ሁልጊዜው አንድ ላይ ነው የሠራነው። ይህን ይዤ ልተኛ እችል ነበር። ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሳለ ሌላ ነገር መጣብኝ። ያን ማታ በሩን ስከፍት ቀለበቷን አላንኳኳችም። በዚያ ሁሉ ዓመት የመጀመሪያዋ ነበር። እኔ ምን አልኩ? ዛሬስ ማረችኝ ብዬ ደስ አለኝ። እያፏጨሁ ነዳሁ። ክንዷ ዝሎ እንደሆነ፣ ደረቷ ያኔ ጀምሯት እንደሆነ፣ የቴፑንም ቁልፍ እስከ መጨረሻው ያላዞረችው ለዚያ እንደሆነ አላየሁም። አሥራ አንድ ወር ስለ ባትሪ ስጠይቅ የኖርኩት፣ ይሄኛውን ላለመጠየቅ ኖሯል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጄ መጣች። ጨርቁን ፈልጌ አጣሁት። በእናቷ በኩል ገብታ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ደግሞ እዚህ ነህ?»

«እናትሽ ባትሪውን ቀይር ብላኝ ነበር» አልኩ። «ሦስት ወር። አልቀየርኩም። ካረፈች ወዲህ ለማንም አልነገርኩም።»

ዳሽቦርዱን በመዳፏ ጠረገችው፤ እኔ እንደማደርገው። «አውቃለሁ» አለች። «ለእኔም ነግራኝ ነበር። አባትሽ ካልቀየረው አንቺ አስቀይሪው ብላኛለች። እኔም እሺ አልኳት።»

የእሷንም እሺ አወቅኩት። የእኔ ልጅ ናት።

«ለዚህ ነው እንድትሸጥ የፈለግሽው?»

«አንተ እዚህ ተቀምጠህ ሳይህ፣ እኔ እስክናገር የምትጠብቅ ይመስለኛል» አለች። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ፊት አየን፤ የሚታየው የግቢው ግድግዳ ነው። ስለ ቀለበቱ አልነገርኳትም። እሱ የእኔ ብቻ ይሁን።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ገዢው ከሚስቱ ጋር መጣ። መኪናዋ በአንድ ማዞር ተነሣች፤ ልታዋርደኝ እንኳ አልፈለገችም። እሱ ሲነዳት፣ ሚስቱ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ሆነን እስከ አስፋልቱ ወጥተን ተመለስን። ሽቅቡን ስንወጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ግቢ ገብተን ሲያቆም ካሴቱን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ። ቤት ውስጥ ማጫወቻ የለኝም።

«ቴፑ ይሠራል አባባ?» አለኝ።

«ይሠራል። ከባትሪው ቀጥታ የተሳበ ስለሆነ ያለ ቁልፍም ይሠራል፤ ከፈለግክ አስቆርጠው። ካላስቆረጥከው ግን ድምፁን መቀነስ መዝጋት አይደለም። ጠቅ እስኪል አዙረው። ባትሪውንም በጊዜው ቀይር። ሰው መኪና ውስጥ ትተህም አትቆይ።»

«እሺ አባባ» አለና ወርዶ ጎማዎቹን ሊያይ ሄደ። እሺታው የእኔ ዓይነት ነበር።

ሚስቱ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። እኔን አየች፣ ቴፑን አየች። እጇን ዘርግታ የቴፑን ቁልፍ ከፈተችው፤ ከዚያ መልሳ ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው፣ አዞረችው። ጠቅ።

«መጣሁ» ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ልጄ ከበሩ ላይ ታየኝ ነበር።